የቬኒር ቁም ሳጥን በር እንዳይጎብጥ፦ ለሰሜን ሸዋ ቤት የትኛው ሰሌዳ፣ የትኛው ኮላ፣ የትኛው አሠራር?

በቬኒር፣ ማለትም በስስ የእንጨት ልባስ፣ የሚለበጥ ቁም ሳጥን ወይም የኩሽና ካቢኔት ሲያሠራ አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ለፊቱ መልክ ነው። ዋንዛ ይሁን ቀረሮ፣ ጠቆር ይበል ወይስ ቀላ፣ መስመሩ ቁልቁል ይውረድ ወይስ አግድም ይሂድ እየተባለ ብዙ ይመከራል። ይህም ተገቢ ነው፤ ጠዋት ማታ የሚታየው እሱ ነውና። በሩ ከዓመት በኋላ ቀጥ ብሎ መቆሙን ወይም መንጋደዱን የሚወስነው ግን ማንም የማያየው የጀርባው ገጽ ነው። ከዚህ በታች ሰሌዳውን፣ ኮላውን፣ ቀለሙንና አሠራሩን እያነጻጸርኩ የትኛው የት እንደሚሻል እጽፋለሁ። ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ለጀርባው ያውሉት።

በሩ ለምን ይጎብጣል?

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ይህ የሚሆነው በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ፣ ማለትም በቃጫው አቅጣጫ፣ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በግምት የእንጨቱ እርጥበት በ4 በመቶ ሲለወጥ ወርዱ በ1 በመቶ ይለወጣል። 60 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ድፍን የጣውላ በር ከ14 በመቶ ወደ 8 በመቶ ቢደርቅ 9 ሚሊሜትር ያህል ሊጠብ ይችላል ማለት ነው።

እንጨቱ የአየሩን እርጥበት ይከተላል። የሙቀት መጠኑ 20 ዲግሪ በሆነበት ቤት የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 80 በመቶ ከሆነ እንጨቱ ውሎ አድሮ 16 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል፤ አየሩ 50 በመቶ ሲሆን ወደ 9፣ 30 በመቶ ሲሆን ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። በእኛ አገር ሐምሌና ነሐሴ የመጀመሪያውን ቁጥር፣ የበጋው ደረቅ ወራት የመጨረሻዎቹን ያስታውሳሉ። በነሐሴ አልዘጋ ብሎ የሚያስቸግር በር በታኅሣሥ ክፍተት የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰሜን ሸዋ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ የከፍታው ልዩነት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ በደብረ ሲና የሚወርድ የጭነት መኪና በጥቂት ሰዓት ውስጥ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በክረምት ብርድና ጉም ውስጥ የተሠራ በር በዚያው ሰሞን ቆላ ወርዶ ሲተከል በሙቀቱ መድረቅ ይጀምራል። ጀርባው ያልተለበጠ ከሆነ የሚጎብጠው ያኔ ነው።

ነገሩን በዓይን ማየት ለሚፈልግ ቀላል መንገድ አለ። ከቬኒሩ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ይቁረጡና አንዱን ገጽ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ያብሱት። ወዲያው ይጠቀለላል፤ የረጠበው ገጽ ተነፍቶ ወደ ውጭ ይቀራል፣ ደረቁ ወደ ውስጥ ይገባል። ወርዱ ብቻ እንጂ ርዝመቱ አይታጠፍም። አሁን ይህ ቁራጭ እርጥብ ኮላ ጠጥቶ እንደተነፋ ሰሌዳ ላይ ተጣብቆ ደረቀ እንበል። መሰብሰብ ይፈልጋል፣ ኮላው ግን ይዞታል። ስለዚህ ሰሌዳውን ይስበዋል፤ የተለበጠው ገጽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ቬኒሩ 0.6 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ 18 ሚሊሜትር ሰሌዳ ማጉበጡ ሰውን ያስገርማል፤ በጠቅላላው ወርድ ላይ ስለሚስብ ግን ኃይሉ ቀላል አይደለም። ለዚህ ጉተታ መልስ የሚሆነው በሌላው ገጽ ላይ በዚያው ልክ የሚስብ ሌላ ልባስ ብቻ ነው።

የጀርባው ገጽ፦ አራት ምርጫዎች

የመጀመሪያውና የተሻለው ከፊቱ ጋር አንድ ዓይነት፣ አንድ ውፍረት ያለው ቬኒር በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ኮላ፣ በአንድ ጊዜ መለበጥ ነው። ከፊቱ ቁልቁል ከወረደ ከኋላውም ቁልቁል። «በአንድ ጊዜ» የሚለውን አደራ እላለሁ። ዛሬ ፊቱን፣ ነገ ጀርባውን የለበጠ ሠሪ ሰሌዳውን ሌሊቱን በአንድ በኩል ብቻ እርጥብ አድርጎ አሳድሮታል፤ የጎበጠ ሰሌዳ ላይ ነው ጀርባውን የሚለጥፈው።

ሁለተኛው ከፊት ውዱን፣ ከኋላ ርካሹን ቬኒር ማድረግ ነው። የገንዘብ ነገር ሲያስጨንቅ የምመክረው ይሄንን ነው። መልኩ ይለያይ፣ ቋጠሮም ይኑርበት፤ ውፍረቱና የቃጫው አቅጣጫ ግን አንድ ይሁን። እንጨቱም በጥንካሬ የሚቀራረብ ይሁን፤ ከፊት ጠንካራና ከባድ እንጨት፣ ከኋላ ለስላሳና ቀላል ከሆነ ጠንካራው ያሸንፋል።

ሦስተኛው ሰው ብዙ የሚያደርገው ነው፦ አንድ ገጹ በፋብሪካ ሜላሚን በሚባል ፕላስቲክ መሰል ልባስ የተለበጠ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ቃጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) ወይም ቺፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ የተጨመቀ ሰሌዳ) ገዝቶ ባዶው ገጽ ላይ ቬኒር መለጠፍ። የውስጡ ነጭና ንጹሕ ሆኖ ስለሚገኝ ያጓጓል። ሜላሚኑ ግን እርጥበት እምብዛም አያሳልፍም፣ እንደ እንጨትም አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ሁለቱ ገጾች የተለያየ ነገር ያደርጋሉ። ለመሳቢያ ፊት፣ 40 በ60 ሳንቲሜትር ለማይበልጥ የኩሽና በር ልተወው እችላለሁ። ለረጅም የልብስ ቁም ሳጥን በር ግን አይሁን። ከኋላ ፎርማይካ፣ ያንን ጠንካራ የፕላስቲክ ልባስ፣ መለጠፍም ያው ነው።

አራተኛው ጀርባውን ቀለም ቀብቶ መተው ነው። ቀለም እርጥበቱን ያዘገያል እንጂ ሰሌዳውን እንደ ቬኒር አይጎትትም፤ የፊቱን ቬኒር ጉተታ የሚመልስ ምንም ነገር የለም። ይህ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ መጉበጡ ግን ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ደንበኛና ሠሪ ዘወትር የሚለዋወጡት ነገር አለ። ደንበኛዋ ዋጋውን ሰምታ «ወንድሜ፣ የውስጡን ማን ያየዋል ብለህ ነው?» ትላለች። ሠሪው ገበያው እንዳያመልጠው «እሺ እትዬ» ብሎ ይተወዋል። መልሱ «እትዬ፣ የውስጡ ለመልክ አይደለም፤ የፊቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው» መሆን አለበት። ምክንያቱ ሲነገረው የማይቀበል ደንበኛ ጥቂት ነው። ዋጋ መቀነስ ካለበት ከማጠፊያው ዓይነት ወይም ከመያዣው ይቀነስ።

ሰሌዳው፦ ቺፑድ፣ ኤምዲኤፍ፣ ኮምፔንሳቶ ወይስ ጣውላ?

ከድፍን ጣውላው ልጀምር፤ ምክንያቱም በእኛ አካባቢ «ኦሪጅናል እንጨት» የሚለው ቃል ትልቅ ክብር አለው። ድፍን እንጨት ጥሩ ነገር ነው፤ ለቬኒር መሠረት ሆኖ ግን ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ከሥሩ ያለው ጣውላ በወርዱ ሲነፋና ሲሰበሰብ ላዩ ላይ ያለውን ቬኒር ይሰነጥቀዋል ወይም ያጨማድደዋል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ በየኮረብታው የሚታየው ነጭ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ በጣም ይሰበሰባል፣ ይጠማዘዛልም፤ ለአጥርና ለማገር ያገለገለን ዛፍ ለካቢኔት በር መሠረት አይሆንም። የደረቀ ዋንዛ ወይም ጽድ ካለዎት በፍሬም የሚሠራ በር ያሠሩበት፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቺፑድ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ሲገዙትም ቀጥ ያለ ነው። ድክመቱ ጠርዙ ነው፤ ይፈረፈራል፣ ብሎን አጥብቆ አይይዝም፣ ውኃ ከነካው ይነፋና አይመለስም። አንዴ ተፈትቶ የታሰረ ማጠፊያ ዳግመኛ በዚያው ቀዳዳ አይጠብቅም። ደረቅ ክፍል ውስጥ ለሚቆም፣ ለማይነቀል ትንሽ በር ይበቃል። ከባድ ለሆነ ረጅም በር ግን ብሎኑ ሲላላ በሩ ይዘምና ሰው ጎበጠ ይለዋል፤ ችግሩ ማጠፊያው ላይ ነው።

ኤምዲኤፍ ለቬኒር የተሠራ ይመስላል። ገጹ ለስላሳ ነው፣ ቋጠሮም ቃጫም የለውም፣ ቬኒሩን በፈለጉት አቅጣጫ መለበጥ ይቻላል። ክብደቱ ግን ይሰማል። 60 በ220 ሳንቲሜትር የሆነ የ18 ሚሊሜትር በር በኤምዲኤፍ ወደ 17 ኪሎ ይመዝናል፤ በኮምፔንሳቶ ቢሆን እንደ እንጨቱ ዓይነት 13 ኪሎ ገደማ። በጠርዙ በኩል የሚገባ ብሎን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ቀድሞ መብሳት ያስፈልጋል። እንደ ቺፑድ ሁሉ ውኃ ጠላቱ ነው፣ በተለይ በታችኛው ጠርዝ።

ኮምፔንሳቶ፣ ፕላይውድ የሚሉትም አሉ፣ ስስ እንጨት እየተነባበረ የተጣበቀ ሰሌዳ ነው፤ ቀላልና ጠንካራ ነው፣ ብሎንም ይይዛል። ብዙ ሰው ውዱን ስለገዛ በሩ የማይጎብጥ ይመስለዋል። ኮምፔንሳቶ ግን ከሱቅ ጎብጦ ሊመጣ ይችላል፤ የውስጡ ንብርብር እኩል ካልሆነ ወይም ሱቁ ውስጥ ለወራት ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ ቅርጹን እዚያው ይይዛል። ሲገዙ በአንዱ ጠርዝ በኩል አንድ ዓይንዎን ጨፍነው እስከ ጫፉ ይመልከቱ። ከመካከል የተኛውን እንጂ ከዳር የተደገፈውን አይውሰዱ።

ከዚህ ሌላ ጥቂት ሠሪዎች ብቻ የሚያስተውሉት ነገር አለ። ቬኒር ኮምፔንሳቶ ላይ ሲለበጥ ቃጫው የኮምፔንሳቶውን የላይኛ ንብርብር ማቋረጥ አለበት፤ ከእሱ ጋር እኩል ከሄደ ሁለቱ በአንድ ላይ ይሰበሰባሉና ላዩ ከጊዜ በኋላ በቃጫው መስመር ይሰነጣጠቃል። በገበያ ያለው ሰሌዳ 122 በ244 ሳንቲሜትር ነው፤ የላይኛው ቃጫ ብዙ ጊዜ በረጅሙ በኩል ይሄዳል። እንግዲህ ቬኒሩ ቁልቁል እንዲወርድ ከፈለጉ ሰሌዳው አግድም መቆረጥ አለበት፤ ያኔ የበሩ ቁመት ከ122 ሳንቲሜትር አይበልጥም። ለረጅም በር ቁልቁል የሚወርድ መስመር ከፈለጉ ወይ ኤምዲኤፍ ይምረጡ፣ ወይ ከቬኒሩ ሥር በሁለቱም ገጽ ሌላ አግድም ቬኒር ይግባ። ሠሪዎ ይህን ሲጠየቅ የሚመልስልዎት መልስ ሥራውን ምን ያህል እንደሚያውቅ ይነግርዎታል።

የእኔ ምርጫ ለኩሽና ትናንሽ በሮች ኮምፔንሳቶ፣ ለመኝታ ቤት ረጅም በር ኤምዲኤፍ ነው። ቁም ሳጥኑ ከድንጋይ ወይም ከጭቃ ግድግዳ ጋር የሚጠጋ ከሆነና ወለሉ ርጥበት የሚስብ ከሆነ ግን ለሁለቱም ኮምፔንሳቶ እላለሁ፤ እዚያ ላይ ሰሌዳው ውኃን መቋቋሙ ይቀድማል።

ኮላው

ማስቲሽ፣ ሁለቱም ገጽ ላይ ተቀብቶ ሲነካካ ወዲያው የሚይዘው ኮላ፣ ፈጣን ነው። ፕሬስ አይፈልግም፣ ውኃም የለበትም፣ ስለዚህ ቬኒሩን አያረጥብም፤ ይህ ጥቅሙ እውነት ነው። ነገር ግን ደርቆም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በላዩ ያለው ቬኒር በየወቅቱ ይንቀሳቀሳል፤ ውሎ አድሮ አረፋ የመሰለ እብጠት ይወጣል፣ ጠርዙም ይነሳል። ላዩ ላይ የሚቀባው ላከር (የሚያንጸባርቅ ቅብ) ውስጥ ያለው ቲነር፣ ማለትም ማቅጠኛው፣ በስሱ ቬኒር አልፎ ማስቲሹን ሊያላላው ይችላል። ለፎርማይካ ይሁን፤ ለእንጨት ቬኒር አልመክረውም።

ነጩ የእንጨት ኮላ በየሱቁ አለ፣ ዋጋውም ይቻላል፣ በትክክል ከተጠቀሙበት ጥሩ በር ይወጣዋል። ስስ ሆኖ ሰሌዳው ላይ ብቻ ይቀባ፤ ቬኒሩ ላይ አይቀባ። ሁለቱም ገጽ ተለብጦ በሁለት ወፍራም ቀጥ ያሉ ሰሌዳዎች መካከል ይግባና በሞርሳ ይጠበቅ። ደብረ ብርሃን፣ አንኮበርና መንዝ ላሉ ሠሪዎች ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህ ኮላ ብርድ አይወድም። የቤቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ብዙዎቹ በትክክል አይጠነክሩም፤ ደርቆ እንደ ኖራ ዱቄት ከነጣ አልያዘም ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልባቸው ሌሊቶች ማታ ለብጦ ወደ ቤት መሄድ ሥራውን ማበላሸት ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ቤቱን ካሞቀች በኋላ ይለበጥ፤ ሰሌዳውና ቬኒሩም ቀድመው ይሙቁ፤ ቀዝቃዛ ሰሌዳ ላይ የፈሰሰ ኮላ ወዲያው ይቀዘቅዛል።

ሦስተኛው የዩሪያ ኮላ ነው፤ በዱቄት መጥቶ በውኃ የሚበጠበጠው። ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፣ አይላወስም፤ ስለዚህ ለቬኒር ከሦስቱ የተሻለው ነው። ሙቀትና ጥሩ ፕሬስ ይፈልጋል፣ ሽታውም ዓይን ያቃጥላል፤ ትልቅ ፕሬስ ያለው ድርጅት ጋ የሚያሠሩ ከሆነ ይጠይቁ። ትንሽ ቤት ውስጥ በሞርሳ የሚሠራ አናጢ በነጩ ኮላ ይሥራ።

ከፕሬስ የወጣ በር ወዲያው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ አይደር። የላይኛው ገጽ ይደርቃል፣ የታችኛው እርጥበቱን ይዞ ይቀራል፤ ልፋቱ ሁሉ እዚህ ላይ ይበላሻል። እኩል ውፍረት ያላቸው ሦስት አራት ጭቃ ያልነካቸው ሞራሌዎች ከሥሩ ይግቡ፣ በሮቹም በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እየገባ ይደራረቡ። ከላይኛው በር ላይ አንድ ትርፍ ሰሌዳ ይቀመጥ። ጥቂት ቀን እንዲህ ይቆዩ። ግድግዳ ማስደገፍ ክልክል ነው።

ቀለሙና ጠርዙ

ሲለር (ቀድሞ የሚቀባው ደፋኝ ቅብ)፣ ላከር ወይም ቫርኒሽ እርጥበትን ያዘገያል እንጂ አያቆምም። ስለዚህ የትኛውን ይምረጡ ከሚለው ይልቅ በሁለቱም ገጽ እኩል ጊዜ መቀባቱ ይበልጣል። ፊቱ ሦስት ጊዜ፣ ጀርባው አንዴ ከተቀባ ጀርባው ቶሎ ይረጥባል ቶሎ ይደርቃል፤ በሩም በየወቅቱ ወዲህና ወዲያ ይላል። ዘይትና ሰም መልኩን ያሳምራሉ፤ እርጥበት በመከላከል ግን ደካሞች ናቸው። ኩሽና ላይ ላከር ወይም ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ይሁን።

በሩን ሲረከቡ ጣትዎን ከታችኛው ጠርዝ ሥር አስገብተው ከዳር እስከ ዳር ይዳስሱ። ለስላሳ ከሆነ ተቀብቷል። ሻካራ ከሆነና ጣትዎ ላይ ዱቄት ከቀረ ባዶ ነው፤ ወለል ሲወለወል ውኃውን የሚጠጣው ያ ጠርዝ ነው። የላይኛውንም እንዲሁ። የማጠፊያው 35 ሚሊሜትር ጉድጓድ ውስጥም አንድ ጊዜ ሲለር ይግባ፤ ሥራው የደቂቃዎች ነው።

ረጅሙ በር

ከ244 ሳንቲሜትሩ ሰሌዳ ሁለት ረጃጅም በር ማውጣት ያጓጓል፤ ብክነት የለውም፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ያለ መስመርም ያምራል። ቁመቱ በጨመረ ቁጥር ግን ያችው ትንሽ ጉብጠት ጫፉ ላይ እየገነነች ትታያለች። አራት መንገድ አለ።

በሩን ለሁለት መክፈል ከሁሉ የቀለለው ነው። ከታች 150፣ ከላይ 70 ሳንቲሜትር ቢሆን ሁለቱም ቀጥ ብለው ይኖራሉ፣ ከላይኛው ክፍል ውስጥ ለዓመት በዓል የሚወጣው ዕቃና የክረምቱ ብርድ ልብስ ይቀመጣል። የቬኒሩ መስመር ከታችኛው ወደ ላይኛው እንዲቀጥል ሠሪው አስቀድሞ ይቁረጠው። ገጠርም ከተማም ላለ ቤት አስቀድሜ የምመክረው ይሄንን ነው።

ሙሉ በር የግድ ካሉ ውፍረቱ ከ18 ወደ 22 ሚሊሜትር ይደግ፣ ማጠፊያውም ይብዛ። እስከ 90 ሳንቲሜትር ቁመት ሁለት፣ እስከ 160 ሦስት፣ እስከ 200 አራት፣ እስከ 240 አምስት ማጠፊያ የተለመደ ነው፤ በሩ ከከበደ አንድ ይጨመር። በማጠፊያው በኩል ያለው ጠርዝ ተይዟልና ብዙ አይጎብጥም፤ የሚሸሸው የመያዣው ጠርዝ ነው።

ሦስተኛው ለዚያ ለሚሸሸው ጠርዝ ብረት ማስገባት ነው። በመያዣው በኩል ከጀርባ ሙሉ ቁመቱን የሚወርድ ጠባብ ቦይ ይቆፈርና 3 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 12 ሚሊሜትር ወርድ ያለው ጠፍጣፋ ብረት በጎኑ ቆሞ ይግባ፣ በኢፖክሲም ይያዝ፤ ከዚያ በላዩ ቬኒሩ ይለበጣል። ብረቱ መቆሙ ነው ጥንካሬ የሚሰጠው፤ ተኝቶ ከገባ ከበሩ ጋር ይታጠፋል። ብረቱ ራሱ ቀጥ ያለ መሆኑን በሠሪው ጠረጴዛ ላይ አስጋድመው ይዩት። ለተንሸራታች በር ከላይና ከታች በሐዲድ ስለሚያዝ ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል፤ ቢሆንም ሁለት በሮች ተደራርበው የሚያልፉበት ክፍተት ጠባብ ነውና መጠነኛ ጉብጠትም ያነካካቸዋል።

አራተኛው በፍሬም የሚሠራ በር ነው። ዙሪያውን ከደረቀ እንጨት ፍሬም ተሠርቶ፣ መካከሉ በቦይ ውስጥ ኮላ ሳይነካው የሚሰካ በሁለት ገጽ የተለበጠ ስስ ሰሌዳ። መካከለኛው እንደልቡ ይነፋል ይሰበሰባል፤ ፍሬሙ አይነካም። ጥሩ ዋንዛ ወይም ጽድ ላለው ሰው፣ ለመሐል ሜዳም ሆነ ለአጣዬ፣ ከዓመታት በኋላ ቀጥ ብሎ የማገኘው እንዲህ ያለው በር ነው። ቁም ነገሩ የፍሬሙ ሁለት ቋሚ እንጨቶች ናቸው፤ ቃጫቸው ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮ የሌላቸው፣ በደንብ የደረቁ ይሁኑ። እነሱ ከተጠማዘዙ በሩም ይጠማዘዛል።

የት ነው የሚቆመው?

አዲስ ቤት ያሠራ ሰው ልስኑ ሳይደርቅ ካቢኔት ማስገባት የለበትም። ደብረ ብርሃን ላይ አዳዲስ ቤት በየሰፈሩ እየተሠራ ነው፣ ባለቤቱም ለመግባት ይቸኩላል። ከሲሚንቶና ከልስን የሚወጣው ውኃ ግን ለሳምንታት አየሩን ያረጥበዋል። ግድግዳው ላይ አንድ ሜትር ካሬ ላስቲክ በፕላስተር ዙሪያውን ይለጥፉና በማግሥቱ ይዩት፤ ከውስጡ ጤዛ ካለ ገና ነው። ቁም ሳጥኑን ከውጭ ግድግዳ ሦስት አራት ሳንቲሜትር አርቀው ያቁሙት፣ አየር ይዙርበት።

ኩሽና ውስጥ ዋናው ጉዳይ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነው። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ቀጥ ብሎ ወደ ላይኛው ካቢኔት ይሄዳል፤ የበሩን ታችኛ ጠርዝና የውስጥ ገጹን ያረጥባል፣ ፊቱ ግን ደረቅ ነው። አንድ ገጽ እርጥብ፣ አንድ ገጽ ደረቅ፤ ያንን የቬኒር ቁራጭ ያስታውሱ። ከምጣዱ በላይ የቬኒር በር አለመስቀል ይሻላል፤ ክፍት መደርደሪያ ይሁን ወይም ምጣዱ ወደ መስኮቱ ይጠጋ። በመስኮት በኩል ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚመታው በርም እንዲሁ በአንድ ገጹ ይደርቃልና መጋረጃ ያድርጉለት።

በሩ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ አጣዬ የሚጓዝ ከሆነ ከመተከሉ በፊት በሚኖርበት ቤት ውስጥ፣ በቀጫጭን እንጨት ተደራርቦ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይ። ሠሪው ለማስረከብ ቢቸኩልም ይህን በውሉ ላይ ያስጽፉ።

አሁን የጎበጠ በር ካለዎት

መጀመሪያ መጉበጡንና መጠማዘዙን ይለዩ። ከበሩ ማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ክር አቋርጠው ወጥረው ያስሩ። ክሮቹ መሐል ላይ ሲገናኙ በመካከላቸው ክፍተት ካለ በሩ ተጠማዝዟል፤ ይህ ለማቃናት ከሁሉ ይከብዳል። ክሮቹ ተነካክተው ግን ከበሩ ገጽ መሐል ላይ ከራቁ ጎብጧል። በሩ እንዳልተጠማዘዘና እንዳልጎበጠ ካረጋገጡ ችግሩ የማጠፊያው ነው፤ በብሎን ይስተካከላል።

ጉብጠቱ 2 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ በማጠፊያው ማስተካከያ ይጠፋል። እስከ 3 ሚሊሜትር ከላይና ከታች ማግኔት ማድረግ በሩን ስቦ ይይዘዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ መቼ እንደጀመረ ያስቡ። ክረምት ላይ የመጣ ከሆነና ሁለቱም ገጽ በእኩል የተለበጠ ከሆነ በሩን አውርደው በቀጫጭን እንጨት ላይ አጋድመው ጥቂት ሳምንት ይጠብቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ድንጋይ ጭኖ በግድ ማቃናት አይጠቅምም፤ ድንጋዩ ሲነሳ ተመልሶ ይጎብጣል። የሰረጎደውን ገጽ በውኃ ማርጠብም ያው ለጊዜው ነው።

ጀርባው ባዶ ሆኖ የጎበጠ በር ከሆነ አሁንም ጀርባውን ማስለበጥ ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ላይቃና ይችላል፤ መባባሱ ግን ይቆማል። ለረጅም በር ከጀርባ የሚታሰርና ጫፉ ላይ በብሎን እየተወጠረ የሚያቃና የብረት ዘንግ አለ፤ ካገኙት ከአዲስ በር ይረክሳል። ብሎኑ በአንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይጥበቅ። ቺፑድ ከሆነና ጠርዙም ከነፋ ግን ገንዘብ አያውጡበት፤ ማጠፊያውንና መያዣውን ፈትተው ለአዲሱ ያስቀምጡ፣ አዲሱንም ሲያዙ የጀርባው ቬኒር በዋጋው ውስጥ መግባቱን በቅድሚያ ያስጽፉ።